ከይርጋ ስም ፊት ያለው የጥያቄ ምልክት

ቆቦ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለሜ፣ እንዴት ከርመሻል? የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ልጆቹስ ትምህርታቸውን በደንብ ይዘዋል? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፈሽ ነው የምትነሺው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከአቧራውና ከሙቀቱ በቀር ያስቸገረኝ የለም። እማዬም ደህና ናት። ጾሙን ይዛለች። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ጤነኛ እንደሆነ በየቀኑ አረጋግጣለሁ።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቴም ስለ ዝናብ አውርተን ዘጋን። ድምፄ ያሳብቅብኛል። እማዬ ደግሞ ከግድግዳ ወዲያ ሆና ሹክሹክታ የምትሰማ ሰው ናት። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩት። ለዓመታት ኪቦርድ ስነካ የኖርኩ ሰው ነኝና ፊደሌ የዶሮ ጭረት መስሏል፤ ታግሠሽ አንብቢው።

ለጎረቤቶችሽ “ወንድሜ ኮምፒውተር ይጠግናል” እያልሽ እንደምታወሪ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ሥራዬን በደንብ ላስረዳሽ፤ እሱ ካልገባሽ የቀረው አይገባሽም። በኮምፒውተር ውስጥ ከሁሉም በታች ሆኖ ሁሉን የሚያስተዳድር ፕሮግራም አለ፤ ከርነል ይሉታል። እዚያ ውስጥ አንዱ ክፍል ሌላውን ይልካል፣ የተላከው ደግሞ ሌላ ይልካል። እያንዳንዱ ሲላክ “ስጨርስ የምመለሰው እገሌ ዘንድ ነው” የሚል ማስታወሻ ይቀመጣል። ማስታወሻዎቹ እማዬ ሳጥን ውስጥ እንዳለው የታጠፈ ልብስ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራሉ። ከርነሉ አንድ ቀን ድንገት ከወደቀ፣ ከላይ ጀምሮ ይነበባሉ። ይህን ያ ላከው፣ ያንን ያኛው ላከው እየተባለ ወደ ኋላ ይኬድና መጀመሪያ የላከው ይገኛል። የእኔ ሥራ ያንን የሚያነበውን ኮድ ማሻሻል ነው።

ችግሩ ምን መሰለሽ፣ አንዱ ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ማስታወሻው አይፋቅም። ቦታው ተለቋል ይባላል እንጂ፣ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ አሮጌው ጽሑፍ እዚያው ይቀመጣል። የድሮው ኮድ ያገኘውን ሁሉ ስለሚያነብ፣ ከሄዱ የቆዩ ስሞች አሁን ካሉት ጋር ተሰልፈው ይወጣሉ። የሉም፣ ስማቸው ግን አለ። እንዲህ ካሉት ስሞች ፊት የጥያቄ ምልክት ይደረጋል።

እኔ የጻፍኩት ኮድ እንደዚያ አይደለም። በየእርምጃው ሰንጠረዥ ያያል፤ ላኪው በትክክል ከታወቀ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ካልታወቀ አይገምትም፤ “የማውቀው እስከዚህ ነው” ብሎ ይቆማል። መጀመሪያ ስልከው የጥያቄ ምልክት ያለባቸውን ስሞች ጭራሽ አጥፍቻቸው ነበር። ኮዱን የሚመረምረው ሰውዬ መልሶ ጻፈልኝ። መቆምህ መልካም ነው፣ ስሞቹን ግን አትደምስስ፣ ምልክታቸውን አድርገህ ተዋቸው፣ አንድ ቀን የሚያስፈልጉት ሰው ይኖራል አለኝ። ተናደድኩ። እልኬን ታውቂዋለሽ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተከራከርኩት። የሌለ ሰው ስም ለምን ይጻፋል ነበር የእኔ ክርክር።

የገዛኸኝ ወሬ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው።

ወንድማችን ከጠፋ በመጪው ነሐሴ ሦስት ዓመቱ። ያን ክረምት ጦርነቱ ደርሶ ከተማው ባዶ ሲሆን፣ እሱ ሮቢት ያለውን የመስኖ ጉድጓድ ሞተር ፈትቶ ሊደብቅ ሄደ፤ ሞተሩን ከነፍሱ አስበልጦ ሄደ፣ አልተመለሰም። አንቺም ያኔ ስልክሽ አሥራ ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር። ስታገኚን ወልዲያ ተፈናቃይ ስረዳ ነው የከረምኩት አልሽ። ለቅሶ እንቀመጥ ሲባል ሬሳ ሳይታይ አይለቀስም ብለሽ የለመንሽን አንቺ ነሽ። እኛም ሰማንሽ። ፍትሐት ሳይደረግለት፣ ተዝካር ሳይወጣለት፣ ከሕያዋንም ከሙታንም ሳይቆጠር ቀረ።

እማዬ ከዚያ ወዲህ የያዘችውን አመል በስልክ አልነገርኩሽም። ማለዳ፣ ሰው ሳይነሳ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ደህና ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትቀመጣለች። መርዶ የሚመጣው በማለዳ ነውና፣ ሽማግሌዎቹና የነፍስ አባቷ ድንገት እንዳይደርሱባት ፈርታ ይመስለኝ ነበር። እማዬ፣ ማንም አይመጣም፣ ግቢ እላታለሁ። ፀሐይ ስትወጣ ተነስታ ወደ ሥራዋ ትገባለች።

በጥር አጋማሽ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ እየሮጠች መጣች። ገዛኸኝ ወደ አፋር ተሻግሮ ደህና ነው፣ ሊመጣ ነው አለች። እማዬ እልል አለች። የሱን ክፍል ኖራ አስቀባች፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣች፣ አልጋውን አነጠፈች። ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት መጣ። እኔ ደግሞ ደስ አላለኝም፤ ደስ ባለማለቴም ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባል የለ? ማን ለማን እንደነገረ ወደ ኋላ ልቆጥር ተነሳሁ። የማውቀው ሙያ እሱው ነው።

እትዬ ሙሉ ከማን ሰማሽ ስላት ጎብዬ ገበያ ጨርቅ ከምትሸጠው ከሰይዳ አለችኝ። ጎብዬ ወረድኩ። ሰይዳ ወላሂ ከራሴ አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ ሹፌሩ አንዷለም ነው የነገረኝ አለች። ከዚያ ደግሞ አብሽር፣ አላህ ካለ ይመጣል ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችኝም። የሰፈሩም ሰው እንዲያው ነበር። እንኳን ደስ ያለህ የሚለኝ ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

አንዷለምን ቆቦ መናኸሪያ፣ ሚኒባሱን ሲያጥብ አገኘሁት። ሳቂታ ሰው ነው። ምን እንደምፈልግ ስነግረው ግን ባልዲውን አስቀመጠ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው አለ። ጎብዬ ላይ ሰው አራግፎ ባዶውን ወደ ቆቦ ሲመጣ፣ ልክ በቀትር፣ ሮቢት መግቢያ ላይ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። ጋቢና ገቡ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው እርጥብ ጭቃ ነው። በዚያ ደረቅ ወር አባቴ ከየት አመጡት ቢላቸው እጃቸውን ወንበሩ ላይ አሳረፉ። ትንሽ እንደሄዱ የቆቦ ሰው ነህ ወይ አሉት፣ ነኝ አላቸው። እንግዲያስ ለገዛኸኝ እናት ንገርልኝ፣ ልጇ ወደ አፋር ተሻግሯል፣ ደህና ነው፣ ይመጣል በላት አሉት። ማን ልበል ሲላቸው ይርጋ በል፣ የጉድጓዱ ሞተር ጠባቂ አሉት። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ የሚያስገባው መንገድ ላይ አውርደኝ አሉና ሲወርዱ፣ “በል ተብዬ ነው” አሉ። ለማን እንደሚናገሩ አልገባውም፤ ፊታቸውን ወደ እሱ አላዞሩም ነበር።

አንዷለም የእኛን ቤት ስለማያውቅ፣ ሰው ሁሉ ለሚያውቃት ለሰይዳ ነገራት። መኪናዋን በመስከረም ነው የገዛት፤ የወንበሯ ላስቲክ ገና አልተላጠም። ላስቲኩ ላይ፣ እጅ በሚያርፍበት በኩል፣ ቡናማ እድፍ አሳየኝ። አልለቅ ብሎኝ ነው አለ። እኔም ያው ጭቃ ነው ብዬ ሳቅሁ።

በማግስቱ ሮቢት ሄድኩ። ከቤት ስወጣ እማዬ በቀትር ሜዳ አታቋርጥ አለችኝ፤ ዳዊቷን ስትደግም ጋኔነ ቀትር የምትለው ቦታ ላይ ድምጿን ከፍ አደረገች። እኔ ደግሞ መኪና አጥቼ ቆይቼ የደረስኩት ልክ በቀትር ነው። ከአስፋልቱ ወርጄ በማሽላው አገዳ መሀል ሄድኩ። ሰው የለም፣ ከብት የለም፣ ወፍ እንኳ የለም። አንድ የአቧራ ሽክርክሪት ከፊቴ ተነስቶ፣ እንደ ሰው ቀስ ብሎ እየሄደ፣ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ተቀመጠ። ቀናው መንገድ እሱ ነበርና ተከተልኩት።

የይርጋ ቤት ከጉድጓዱ አጠገብ ነው። ልጁ ትርሲት ወጣች፤ አንቺን የምታህል ረጋ ያለች ሴት ናት። አያ ይርጋን ፈልጌ ነው አልኳት። ቆም ብላ አየችኝና ምነው አልሰማህም እንዴ አለችኝ። አባቷ የሞቱት በሐምሌ ነው። ስምንተኛ ወራቸውን ይዘዋል።

ሐምሌ፣ እታለሜ። አንዷለም ያሳፈራቸው በኅዳር ነው። መኪናዋ የተገዛችው በመስከረም ነው። ደጋግሜ ቆጠርኩት። መቁጠር እንጀራዬ ነውና አልተሳሳትኩም። ፈራሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ፊት ቆሜ ፈራሁ። ሸሽቼ ልመለስ ሁሉ አስቤ ነበር።

ትርሲት ግን አልደነገጠችም። ውሃ ሰጠችኝ፣ አስቀመጠችኝ። አባባ እስኪሞት ሲያቃዠው ያን ቃል ይል ነበር አለች። ወደ አፋር ተሻግሯል በሉ፣ ደህና ነው በሉ፣ ቃል አስገብታኛለች ይል ነበር። የምትለቅመውን እህል ትታ፣ እኛ ቃሉን ለማንም አላደረስንለትም ነበር፣ ለዚያ ይሆናል አለችኝና መልቀሟን ቀጠለች። ስለ ሰማይና ስለ ምድር ሁሉ እንዲህ ነው የምትናገረው።

ቃል ያስገባችው ማናት ብዬ ጠየቅኋት። ስሟን አላውቅም አለች። በዚያ ነሐሴ እሷ ከልጆቿ ጋር ገደል ስር ተደብቃ፣ ለአባቷ ምግብ ልታደርስ ስትመጣ ከሩቅ ነው ያየቻት። ከዚያ ተነሺና ላሳይህ አለችኝ፣ ማለቴ ተነስ አለችኝ፤ ብዕሬ ስቶ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስር ወሰደችኝ። አንድ የቁርቁራ ዛፍ አለ። ከሥሩ የድንጋይ ክምር አለ፣ ስም የሌለው። አባቷ በየሳምንቱ አረሙን ይነቅሉለት ነበር፤ አሁን እሷ ትነቅለዋለች። አባቷና ያቺ ሴት ናቸው የቆፈሩት። ዝናብ ነበር፣ ጭቃው እስከ ክንዳቸው ደርሶ ነበር። ቄስ አልነበረም፣ ሰው አልነበረም። ጅብ እንዳያወጣው ብላ ትልቁን ድንጋይ ሴትዮዋ ብቻዋን ስታነሳ ወገቧ ቀጭ አለ፤ ትርሲት ራቅ ብላ ካለችበት ሆና ጩኸቷን ሰማችው።

ከቤቷ ደግሞ አንድ ጨርቅ አውጥታ ሰጠችኝ። ለሁለት የተቀደደ ነጠላ ነው፣ አንደኛው ግማሽ ብቻ። ሌላው ግማሽ ከድንጋዩ ስር ነው። ጥለቱ ሰማያዊ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንንሽ መስቀል አለው። እኔ በመጀመሪያ ደሞዜ የገዛሁልሽን ነጠላ ታስታውሺዋለሽ። በዚያ ሰሞን የት ጣልሽው ብዬ ብቀልድብሽ ባቡር ላይ ረሳሁት አልሽኝ፤ ደሴ ባቡር የት አባቱ ብዬ ስስቅ አንቺ አልሳቅሽም።

ሰማያዊ ጥለት የሚለብስ ሴት ሞልቷል። ወገቧን የሚያማት ሴትም ሞልቷል። የሴትዮዋን ቁመት፣ የፊቷን ቀለም፣ ከየት እንደመጣች ትርሲትን ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ አፏን ከፍታ ነበር። አትንገሪኝ አልኳት። ኮዴ እንደሚያደርገው እዚያ ላይ ቆምኩ። የማውቀው እስከዚህ ነው አልኩ። በወንድማችን ድንጋይ ላይ እጄን አሳርፌ፣ የማውቀውን ያህል አባታችን ሆይ ደግሜ፣ አልቅሼ ተመለስኩ። በቁጣም አልቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ሰው ብቻውን ሦስት ዓመት ተሸክሞ እንዴት ይኖራል? እኛ ምን ሠርተን ነው የማንታመን? መንገድ ላይ እንዲህ እያልኩ ሄድኩና ቆቦ ስደርስ ቁጣው አልቆ ነበር። ከዚያ ክረምት ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ወደ እኛ ስላልመጣሽ እማዬን እወቅስ ነበር፤ በስልክ ትጨቀጭቃታለች እያልኩ። ከደሴ የሚመጣ ሰው ግን ሮቢትን ሳያልፍ ቆቦ አይገባም።

ኮዱን ለሚመረምረው ሰውዬ ያን ዕለት ጻፍኩለት። ትክክል ነበርክ፣ ስሞቹን አልደመስስም፣ ከፊታቸው የጥያቄ ምልክት አድርጌ ትቻቸዋለሁ አልኩት። ምን አሳመነህ ቢለኝ አንድ ሽማግሌ አልኩት። ኮዱ ባለፈው ሳምንት ተቀባይነት አገኘ። አንዷለም መኪና ላይ ማን እንደተቀመጠ እኔ አላውቅም። በእኔ ደብተር ላይ ይርጋ የሚለው ስም አለ፣ ከፊቱ የጥያቄ ምልክት አለ፣ እንደዚያው ይቀመጣል። አንዷለም ላስቲኩን ልጦ ጣለው፤ እድፉ ግን ስር ጨርቁ ላይም ወጥቷል ይላል። አላየሁትም፣ ላየውም አልፈልግም።

አሁን ወደ እማዬ ልመለስ። ከሮቢት የመጣሁ ዕለት ፊቴን አየችው። እግሬን እስክታጠብ ጠበቀችና፣ እስከማን ደረስክ አለችኝ። እስከ ይርጋ አልኳት። ከሱ በላይስ? አለች። አላውቅም አልኳት። ደግ አደረግህ፣ ከሱ በላይ አትሂድ አለችኝ።

ከዚያ ሳጥኗን ከፈተች። የታጠፈውን ልብስ አንድ በአንድ እያነሳች አልጋው ላይ ደረደረች፤ የአባታችንን ካፖርት፣ የጥምቀት ቀሚሷን፣ የአንቺን የሙሽርነት ኩታ። ከሁሉም ስር ጥቁር የተነከረ ቀሚስና ጥቁር ነጠላ ነበር። አዲስ አይደለም። እጥፉ ላይ ቀለሙ ለቆ ነጥቷል፤ ጨርቅ እንደዚያ የሚሆነው ዓመታት ተጣጥፎ ሲቀመጥ ነው። ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ገዛኸኝ ሊመጣ ነው ተብሎ እልል ያለችበት ጉሮሮ፣ ያው ጉሮሮ፣ ዳዊቱን ካቆመችበት ቀጠለ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ አየኋት። እንዲህ ያለች ሴት መሆኗን እኔ እስከዛሬ አላውቅም ነበር።

ማታ፣ ለእህትህ የምትጽፈው ነገር አለህ መሰለኝ አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች አትጠይቂኝ። የምልሽን ጨምርበት ብላ ቃል በቃል አጽፋኛለች፤ እንዳለችው አስቀምጬዋለሁ።

በይ እንግዲህ እታለሜ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ወገብሽን ይማርልሽ፣ የተሸከምሽውን ሁሉ የሚያወርድልሽ እሱ ይሁን። የነጠላው ግማሽ እኔ ጋ ነው፤ አጥቤ አስቀምጬልሻለሁ። የእማዬ ቃል ይኸውና፦

“ልጄ፣ አልጋው ተነጥፏል፣ መንገዱም ሰላም ነው። የምጠብቀው ማንን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ነይ። ስትመጪ በማለዳ ነይ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነው የሚያድረው። ብቻሽን ግን አትምጪ፤ ሽማግሌ ይዘሽ ነይ።”

ታናሽ ወንድምሽ